ከክብደት መቀነሻ ቀዶ ሕክምና በኋላ ወደ ጠጣር ምግብ ስትመለሱ የትኛውን ትመርጣላችሁ?

ሐኪሙ «አሁን ጠጣር ምግብ መጀመር ትችላላችሁ» ሲላችሁ ደስ ይላል። ግራ መጋባቱ የሚመጣው ማዕድ ቤት ስትገቡ ነው። እንቁላል ይሻላል ወይስ ዓሳ? ዶሮ ከሆነስ ጡቱ ወይስ ጭኑ? ዳቦ አንድ ቁራሽ ብቀምስ ምን ይለኛል? ከሆስፒታል የሚሰጠው ወረቀት «ፕሮቲን ይቅደም፣ በደንብ ይታኘክ» ብሎ ያልፋል። ትክክል ነው። ግን ሁለት ምግብ ፊቱ ቀርቦለት የትኛውን ላንሳ ለሚል ሰው መልስ አይሆንም።

እኔ ስሊቭ (ጨጓራውን ቆርጦ ማጥበብ) ነው የተሠራልኝ፣ እህቴ ደግሞ ባይፓስ (ትንሽ ከረጢት ሠርቶ ከአንጀት ጋር ማገናኘት)። ከአንድ ድስት የወጣ ምግብ ለሁለታችን እኩል እንደማይስማማ ብዙ ጊዜ አይተናል። ስለዚህ ከታች «ይሄ ይሻላል» የምለው ሁሉ የኔ ምርጫ ነው። የራሳችሁ ሐኪምና የሥነ ምግብ ባለሙያ የተለየ ነገር ካሏችሁ የእነሱን ስሙ፤ ሆዳችሁ ውስጥ ምን እንደተሠራ የሚያውቁት እነሱ ናቸው።

አስቀድሜ አቋሜን ልንገራችሁ። ሰው ሁሉ የሚጠይቀው «ምን ልብላ?» ብሎ ነው። ከዚያ በፊት መጠየቅ ያለበት ግን «እንዴት ይብሰል?» የሚለው ነው። ያው የዶሮ ሥጋ በመረቅ በዝግታ ሲበስል ሰተት ብሎ ያልፋል፣ ትናንት ተጠብሶ ዛሬ ማይክሮዌቭ ውስጥ ሲሞቅ ደግሞ መሃል ደረት ላይ ይቀረቀራል። ዶሮው አልተለወጠም። ርጥበቱ ነው የሄደው።

በቀን ቆጠራ ወይስ በሰውነት ስሜት?

የተለመደው ቅደም ተከተል ይሄ ነው። መጀመሪያ አንድ ሁለት ቀን ንጹሕ ፈሳሽ፣ ከዚያ እስከ ሁለተኛው ሳምንት አካባቢ ወፈር ያለ ፈሳሽ፣ ቀጥሎ የተፈጨና የላመ ምግብ፣ ከአራተኛው ሳምንት ግድም ለስላሳ ምግብ፣ ከስድስተኛ እስከ ስምንተኛው ሳምንት ደግሞ ወደ ተለመደው ጠጣር። ከሆስፒታል ሆስፒታል በሳምንት ሁለት ሳምንት ይለያያል፤ ስለዚህ የሌላ ሰው ሰሌዳ አይታችሁ «እኔ ለምን ዘገየሁ?» አትበሉ።

ከሁለቱ የቱን ልከተል ካላችሁ፣ ቀኑን ወደፊት ላለመቅደም ተጠቀሙበት። ሰውነታችሁን ደግሞ ወደ ኋላ ለመዘግየት። በሦስተኛው ሳምንት «ምንም አላመመኝም፣ ሥጋ ልሞክር» ማለት አደጋ አለው፣ ምክንያቱም ስፌቱ መዳኑን በስሜት ማወቅ አይቻልም። ሰባተኛው ሳምንት ላይ ሆናችሁ ግን ዓሳ ገና የሚከብዳችሁ ከሆነ ሁለት ቀን ወደ ለስላሳው ብትመለሱ ምንም አይጎድልባችሁም። አንድ ቀን ጥሩ፣ በማግስቱ መጥፎ መሆኑም የተለመደ ነው። ጠዋት ጠዋት ጨጓራቸው አካባቢ ይበልጥ የተጨናነቀ የሚመስላቸው ሰዎች አሉ፤ እኔም አንዷ ነኝ። እነሱ ከባዱን ሙከራ ወደ ምሳ ቢገፉት ይሻላል።

የተሠራላችሁ ነገር ምርጫውን ይቀይረዋል

ስሊቭ ላይ ከጨጓራው 75 እስከ 80 በመቶ የሚሆነው ተቆርጦ ይወጣል። የሚቀረው ቀጭን ቱቦ ነው። መውጫው ላይ ያለው የተፈጥሮ በር ግን እንዳለ ስለሚቆይ ምግቡ በአንዴ ወደ አንጀት አይወርድም። በምትኩ ውስጡ ግፊት ይፈጠራል። ስለዚህ የስሊቭ ሰው ትልቁ ጣጣ ብዙውን ጊዜ መጨናነቅና ቃር ነው። ቅባት የበዛበት፣ በጣም ቅመም የበዛበት፣ ማታ ተበልቶ ወዲያው የሚተኛበት ምግብ እኛን ይፈትነናል።

ባይፓስ ላይ ደግሞ 30 ሚሊ ሊትር ገደማ የምትይዝ ትንሽ ከረጢት ትሠራና በቀጥታ ከትንሹ አንጀት ጋር ትገናኛለች። በር የለም። ስኳር ያለው ነገር ሲገባ ሳይመጠን አንጀት ላይ ይወርዳል፣ ዳምፒንግ የሚባለው ጣጣም ከዚያ ይነሳል። እህቴ ግማሽ ብርጭቆ ጭማቂ ጠጥታ ላብ በላብ ስትሆን፣ እኔ ያንኑ ጠጥቼ ምንም አልሆንም። (ምንም አለመሆኔ ጥሩ ዜና እንዳይመስላችሁ። እሷን ሰውነቷ ይከለክላታል፤ እኔን የሚከለክለኝ የለም።)

ባንድ (ጨጓራው አናት ላይ የሚታሰር ቀለበት) ያላችሁ ደግሞ ምግብ በጠባብ ቀለበት ነው የሚያልፈው። ባንድ የሚያጠግበው ጠጣር ምግብ ሲበላ ነው፤ ለስላሳና ፈሳሽ ነገር ቁልቁል ይፈስና ረሃቡ ይመለሳል። ቀለበቱ በጠበቀ ቁጥር ለጥቂት ቀን ወደ ፈሳሽ ተመልሶ እንደገና መጀመር አለ።

የመጀመሪያው ፕሮቲን የቱ ይሁን?

እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ ልቆይ፣ ምክንያቱም ብዙው ሰው የሚሳሳተው ከዚህ ነው።

የሚፈለገው መጠን ለአብዛኛው ሰው ቢያንስ በቀን 60 ግራም ፕሮቲን ነው፣ እንደ ሰውነት መጠን ከዚያም በላይ ሊታዘዝ ይችላል። በአንድ መቀመጫ ጥቂት ማንኪያ ብቻ ለሚበላ ሰው ይሄ ቀላል አይደለም። ስለዚህ ሁለት ነገር ጎን ለጎን ታያላችሁ፦ ምን ያህል ፕሮቲን አለው? ያልፍልኛል ወይ? መጀመሪያ ላይ ሁለተኛው ጥያቄ ይበልጣል። ያልወረደ ፕሮቲን ፕሮቲን አይደለም።

*እንቁላል።* አንዱ 6 ግራም ገደማ ፕሮቲን አለው። ርካታው ጥሩ ነው፣ ለመሥራትም አይከብድም። ግን «እንቁላል ለስላሳ ነው» የሚለው ነገር እንደ አሠራሩ ይለያያል። በትንሽ እሳት እየተማሰለ፣ ገና እርጥብ ሳለ ግን በደንብ በስሎ የወጣ እንቁላል ፍርፍር አንደኛ ነው። ጠንክሮ የተቀቀለ እንቁላል አስኳሉ ደረቅ ዱቄት ሆኖ ጉሮሮ ላይ ይለጠፋል፤ በእርጎ ካልታሸ በስተቀር ጠጣር በተጀመረበት የመጀመሪያ ሳምንት አልመርጠውም። ጠርዙ እስኪቆረፍድ የተጠበሰው ደግሞ ጎማ ይሆናል። እንቁላል ጨርሶ የማይስማማቸውም አሉ፣ በተለይ ከቀዶ ሕክምና በኋላ ሽታውን የሚጠሉ። በግድ አትብሉት። ከወር በኋላ ብትሞክሩት ሌላ ሊሆን ይችላል።

*ዓሳ።* ከሥጋ ወገን የኔ አንደኛ ምርጫ ነጭ ሥጋ ያለው ዓሳ ነው፣ በእንፋሎት ወይም በመረቅ የበሰለ። ከበሰለው 100 ግራም 20 ግራም አካባቢ ፕሮቲን ይገኛል። ጭረቱ አጭር ስለሆነ አፍ ውስጥ ብዙ ሳያስቸግር ይፈርሳል። ያለው ጣጣ እሾህ ነው። ሹካውን ከመያዛችሁ በፊት በንጹሕ ጣት ዳስሱት። የቆርቆሮ ቱናም ይሆናል፣ ግን እንደወጣ ደረቅ ነው፤ በእርጎ ወይም በጥቂት ማዮኔዝ እሹት።

*ዶሮ።* በፕሮቲን ማንም አይደርስበትም፤ የበሰለ ጡት 100 ግራሙ 30 ግራም ገደማ ነው። ሰው ሁሉ ታዲያ ወደ ጡቱ ይሮጣል። እኔ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጭኑን እመርጣለሁ። ትንሽ ቅባት ይጨምራል፣ ፕሮቲኑም ትንሽ ይቀንሳል፣ ግን ርጥበቱን ስለሚይዝ ያልፋል። ጡቱን ካላችሁ ተፈጭቶ፣ ከመረቅ ጋር። ተቆርጦ የተጠበሰ ጡት ለኋላ ይቆይ።

*ቀይ ሥጋ።* ወረፋው መጨረሻ ላይ ነው። የተፈጨው ከዶሮ ብዙም ሳይርቅ ሊሞከር ይችላል፣ በስጎ ውስጥ ሆኖ። ቁርጥራጭና ጥብስ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ጭረቱ ረጅም ነው፣ ብዙ ተላምጦም ክር ሆኖ ይቀራል። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ዓመት አልፏቸውም ቀይ ሥጋ የማይስማማቸው ሰዎች አሉ። ብረት የሚያገኙት ከዚህ ብቻ ከነበረ ለሐኪማቸው ይንገሩ።

*ምስር፣ ባቄላ፣ ሽምብራ።* ተቀቅለው ቢታሹ ይወርዳሉ። ድክመታቸው መጠኑ ነው። የበሰለ ምስር 100 ግራሙ 9 ግራም ያህል ፕሮቲን ብቻ ስላለው በሦስት ማንኪያ ሆዳችሁ ሞልቶ ፕሮቲኑ ግን ገና ይሆናል። ጋዝም ያመጣሉ። ሥጋ ለማትበሉ ሰዎች ቶፉ (የአኩሪ አተር አይብ) እና እርጎ ጨምሩበት፣ ምስርን ብቻ ተደግፋችሁ 60 መድረስ ከባድ ነው። ቆዳው የተላጠ ምስር ቆዳው ካልተላጠው ይቀላል።

*እርጎና ለስላሳ አይብ።* ሳይበስሉ የሚቀርቡ፣ ሳያስቸግሩ የሚወርዱ። ውሃው የተጠለለ ወፍራም እርጎ 100 ግራሙ 10 ግራም ገደማ ፕሮቲን ይዟል፤ ተራው እርጎ የዚያን ግማሽ እንኳ አይሞላም። ከሱቅ ስትገዙ ጀርባውን አንብቡ። ፍራፍሬ ያለው ተብሎ የሚሸጠው ብዙ ጊዜ ስኳር የተሞላ ነው፣ ለባይፓስ ሰው ደግሞ ስኳሩ ዋጋ ያስከፍላል። ከባይፓስ በኋላ ወተት አልስማማ የሚላቸውም አሉ፤ ሆድ ከነፋ፣ ካጉረመረመና ተቅማጥ ካመጣ ላክቶስ የሌለውን ሞክሩ።

*የፕሮቲን ዱቄት።* ጠጣር ከጀመርን በኋላ ይቀጥል ወይስ ይቁም? ምግቡ ብቻውን 60 ግራም እስኪያደርሳችሁ ድረስ ይቀጥል፣ ግን በምግብ ቦታ አታስገቡት። በፈሳሽ የገባ ፕሮቲን ጠጣሩን ያህል አያጠግብም፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ የሚቆረጠም ፍለጋ ያስኬዳል። ስትመርጡ ዌይ አይሶሌት የሚባለው (ከወተት ተለይቶ የወጣ ፕሮቲን) ላክቶሱ በጣም ትንሽ ነው። ኮላጅን ብቻ የሆነውን ለዋና ፕሮቲንነት አትቁጠሩት፤ ትሪፕቶፋን የሚባለው አስፈላጊ አሚኖ አሲድ የለውም። ማስታወቂያው ፀጉርና ቆዳ እያለ ቢያባብልም ጡንቻችሁን እሱ አይጠብቅላችሁም።

እንግዲህ ወረፋዬን ካላችሁኝ፦ እርጎና አይብ፣ እንቁላል ፍርፍር፣ ዓሳ፣ የታሸ ምስር፣ የዶሮ ጭን፣ የተፈጨ ሥጋ፣ ከዚያ የዶሮ ጡት፣ በስተመጨረሻ ቁርጥ ያለ ቀይ ሥጋ። አዲስ ነገር በቀን አንድ ብቻ። ሁለት አዲስ ነገር በአንድ ቀን ሞክራችሁ ካመማችሁ ጥፋተኛው የቱ እንደሆነ አታውቁም።

መቀቀል፣ በእንፋሎት፣ ጥብስ ወይስ በምድጃ?

በመረቅ ወይም በስጎ መቀቀል አንደኛ። በእንፋሎት ሁለተኛ። በምድጃ ከሆነ ተሸፍኖ፣ ትንሽ ፈሳሽ ታክሎበት። ጥብስና ፍም ላይ የወጣ ሥጋ ቢያንስ የመጀመሪያዎቹ ወራት ይለፉት።

ለመፈተን ሹካ በቂ ነው። ዓሳውን ሳህን ላይ አድርጋችሁ በሹካው ጀርባ ጫን በሉት። የተስማማው ዓሳ በንብርብሩ ይላቀቃል፣ በመካከሉ ውሃው ያንፀባርቃል፣ ሹካውን ስታነሱት ሳህኑ ላይ እርጥብ አሻራ ይተዋል። ዶሮን እንዲሁ ጫን በሉት። ከፈረሰ ጥሩ። ተተርትሮ ክር ክር እያለ፣ ክሩም ሳይበጠስ ሹካው ጥርስ ላይ ከተጠመጠመ ያ ነገር ሆዳችሁም ውስጥ ክር ነው። መረቅ ጨምራችሁ መልሱት፣ ወይም ብሌንደር ውስጥ አንዴ ዞር አድርጉት።

ሁለተኛው ፈተና አፍ ውስጥ ነው። 20 ወይም 30 ጊዜ አኝኩ ይባላል። ቁጥሩን መቁጠር ለመጀመሪያ ቀናት ይረዳል፣ ከዚያ በኋላ ግን ምግብን የሒሳብ ፈተና ያደርገዋል። እኔ የምመርጠው ከመዋጣችሁ በፊት ምግቡን በምላሳችሁ ወደ ላንቃ መግፋት ነው። ልሞ ለጥ ካለ ዋጡት። እንክብል ወይም ክር ከተሰማችሁ ማላመጡን ቀጥሉ፤ አልላላም ካለ ወደ ሶፍት ተፉት። ነውር የለውም። ነውሩ በይሉኝታ ውጦ ግማሽ ሰዓት መሰቃየት ነው።

የአንዱ ጉርሻ መጠን ከአተር ፍሬ ብዙም አይብለጥ። ማንኪያውን አስቀምጡት፣ ዋጡ፣ ትንሽ ጠብቁ፣ ከዚያ እንደገና። አንድ ማዕድ 20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈጃል። ከዚያ ካለፈ የቀረውን አንሱት፤ ሰዓት ሙሉ እየቆነጠሩ መቀመጥ ጥጋቡን ያጠፋዋል።

የአደረ ምግብ ስታሞቁ ማንኪያ መረቅ ጨምሩበት፣ ክደኑት፣ ማይክሮዌቩንም በዝቅተኛው ጉልበት አድርጉት። አለዚያ ትናንት የተስማማችሁ ዓሳ ዛሬ ጠላታችሁ ይሆናል።

ዳቦ፣ ሩዝ፣ ፓስታ

ሁሉም ሰው የሚናፍቃቸው፣ ሁሉም ሰው የሚቸገርባቸው። ለስላሳ ነጭ ዳቦ ሲታኘክ መልሶ ሊጥ ይሆናል፣ ተጠቅልሎ ይቀረቀራል። ከተጠበሰ ዳቦ ጋር ሲወዳደር የተጠበሰው ይሻላል፤ ስለሚፈረፈር ተሰባብሮ ይወርዳል። ሩዝ ከተጣበቀ ይከብዳል፣ ፓስታ በደንብ ካልተላመጠ ያስቸግራል። በእርጎ ወይም በወተት ለስልሶ የተሠራ የአጃ ገንፎ ከሦስቱም ይቀላል። ድንች ንፍሮ ታሽቶ ምንም አያስቸግርም፣ ችግሩም እሱ ነው፤ ያለ ምንም ጣጣ ብዙ ይወርዳል፣ ፕሮቲኑ በጣም ትንሽ ነው፣ አያቆይም።

ይሄ ወደ ሌላ ነገር ይወስደናል። አንዳንድ ምግብ ስለማያስቸግር ብቻ «ይስማማኛል» እንላለን። ብስኩት፣ ችፕስ፣ አይስክሬም፣ ቸኮላት አፍ ውስጥ ቀልጠው ይንሸራተታሉ። ዶሮ ያስመልሳታል፣ ብስኩት ግን ምንም አይላትም የምትል ሴት ቀስ በቀስ በብስኩት መኖር ትጀምራለች። የሚቀርቡላችሁ ምርጫዎች ከባድ ዶሮና ቀላል ብስኩት ከሆኑ ሦስተኛ ፈልጉ፦ ዓሳ፣ እንቁላል፣ አይብ።

አትክልትና ፍራፍሬ

ባጭሩ፦ የበሰለ ካልበሰለ፣ የተላጠ ካልተላጠ ይሻላል። ካሮት፣ ዱባ፣ ዝኩኒ ተቀቅለው ቀድመው ይግቡ። ጥሬ ጎመን፣ በቆሎ፣ ክር ያለው ግንድ ሁሉ ይዘግይ። የበሰለ ሙዝና ተልጦ የተቀቀለ ፖም ቀላል ናቸው። ብርቱካን ከነነጭ ሽፋኑ አይሁን፤ ያ ሽፋን አይፈጭም። የደረቀ ፍራፍሬ፣ ፈንዲሻና ለውዝ በመጀመሪያዎቹ ወራት አይነኩ። ጭማቂና ፍሬው ከተወዳደሩ ፍሬው።

ሳህኑ ላይ ፕሮቲኑ ይቅደም፣ አትክልቱ ይከተል፣ ቦታ ከተረፈ ሌላው። ብዙ ጊዜ አይተርፍም።

ውሃ ከምግብ ጋር ወይስ ለብቻ?

ለብቻ። እዚህ ላይ ብዙ የሚያከራክር ነገር የለም። ከምግብ ጋር አትጠጡ፣ ከበላችሁም በኋላ 30 ደቂቃ ያህል ጠብቁ። ከምግብ በፊት ስንት ደቂቃ ይቁም በሚለው ላይ ምክሩ ይለያያል፤ የናንተ ቡድን ያላችሁን ያዙ። ጠባብ ቦታ ላይ ሁለቱ አብረው ሲገቡ ወይ ያስጨንቃል ወይ ምግቡን ጠርጎ ይዞት ይወርዳል። ስጎ ያለው ምግብ ከዚህ ሕግ አይቆጠርም፤ ማርጠቢያ ነው። ግማሽ ሳህን ሾርባ ላይ የሚንሳፈፍ ሥጋ ግን መጠጥም ነው።

ከባዱ ነገር በቀን ቢያንስ አንድ ሊትር ተኩል ፈሳሽ ማስገባቱ ነው። መጎንጨት አይቻልም፣ መጠጣት የሚቻለው ፉት እያሉ ነው። ስለዚህ ጠርሙሱ ቀኑን ሙሉ አጠገባችሁ ይሁን። ጋዝ ያለው መጠጥ ይቅር። አልኮልም እንዲሁ፤ ከባይፓስም ከስሊቭም በኋላ በፍጥነት ደም ውስጥ ይገባል፣ ድሮ ምንም የማይላችሁ መጠን አሁን ሊጥላችሁ ይችላል።

ተቀረቀረ፣ ዳምፒንግ ነው ወይስ ሌላ?

ሦስቱን መለየት ስትችሉ ፍርሃቱ በግማሽ ይቀንሳል።

ምግብ ሲቀረቀር ወዲያው ነው የሚታወቀው፣ ገና ማዕድ ላይ እያላችሁ። መሃል ደረት ላይ ይጫናል፣ አፍ በምራቅ ይሞላል፣ አንዳንዴ አረፋ ሆኖ ይመለሳል። ውሃ ጠጥቼ ላውርደው አትበሉ፣ ከላይ ይከማቻል። መብላቱን አቁማችሁ ቆም በሉ፣ ቀስ ብላችሁ ተራመዱ። ከወረደ ወይም ከወጣ በኋላ ለቀሪው ቀን ፈሳሽ ብቻ ውሰዱ፣ አካባቢው ተቆጥቷል። ሰውነት ከዚህ በፊት ምልክት ይሰጣል። ስቅታ፣ ማስነጠስ፣ ድንገት የሚፈስ ንፍጥ፣ ረዘም ያለ ትንፋሽ፤ የኔ ምልክት ንፍጥ ነው፣ አፍንጫዬ ሲረጥብ ማንኪያውን አስቀምጣለሁ። ከዚያ ወዲያ «አንድ ብቻ ልድገም» የምትሏት ጉርሻ ናት የምታጣላችሁ።

ዳምፒንግ ከተበላ በኋላ ነው የሚመጣው። ቶሎ የሚመጣው ከ10 እስከ 30 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ ሆድ ቁርጠት፣ ላብ፣ የልብ ምት መፍጠን፣ ማዞር፣ ተቅማጥ ይዞ ይመጣል። ዘግይቶ የሚመጣው ከአንድ እስከ ሦስት ሰዓት በኋላ ነው፣ እሱ የደም ስኳር ሲወርድ የሚታይ መንቀጥቀጥና ድካም ነው። መድኃኒቱ በአብዛኛው አመጋገብ ነው፦ ስኳርን መቀነስ፣ ፕሮቲንን ማስቀደም፣ ውሃውን መለየት። የስኳር በሽታ መድኃኒት የምትወስዱ ከሆነ ግን መጠኑ እንደ ድሮው ሊሆን አይገባምና አስቀድማችሁ ከሐኪም ጋር ተነጋገሩ።

ሦስተኛው እየባሰ የሚሄደው ነው። ባለፈው ሳምንት ዓሳ ያልፍ ነበር፣ በዚህ ሳምንት እንቁላልም አልሆነም፣ አሁን ደግሞ እርጎው እየተመለሰ ነው ካላችሁ የማኘክ ጉዳይ አይደለም። በተለይ ባይፓስ ላይ መገናኛው ሊጠብ ይችላል፤ ብዙ ጊዜም በመጀመሪያዎቹ ሳምንታትና ወራት ነው የሚታየው። በኢንዶስኮፒ (በአፍ በሚገባ ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ) ገብተው በፊኛ ያሰፉታል፣ መፍትሔ አለው። ቤት ተቀምጦ መታገሥ ግን መፍትሔ አይደለም።

ለቀናት የሚቀጥል ማስመለስ ሌላም አደጋ አለው። ሰውነት የሚያከማቸው ቫይታሚን ቢ1 ትንሽ ነው፣ በሁለት ሦስት ሳምንት ያልቃል። ስትራመዱ መንገዳገድ፣ ሁለት ሁለት ማየት፣ ግራ መጋባት ከታየ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ሂዱና «ቀዶ ሕክምና ተሠርቶልኛል፣ እያስመለሰኝ ነው» በሉ። ግሉኮስ ከመሰጠቱ በፊት ቢ1 እንዲሰጥ ይሄንን ማወቅ አለባቸው። ትኩሳት፣ ዕረፍት ላይ ሆናችሁም የሚሮጥ ልብ፣ ኃይለኛ የሆድ ወይም የትከሻ ሕመም፣ ውሃ እንኳ አልቆይ ማለት ካለ ደግሞ ነገ አይባልም፤ ድንገተኛ ክፍል ነው።

ሦስት ጊዜ ወይስ ስድስት ጊዜ?

አንዳንዱ ቡድን ሦስት ማዕድና አንድ ሁለት የፕሮቲን መክሰስ ይላል፣ አንዳንዱ አምስት ስድስት ትንንሽ። ሁለቱም ይሠራል። የማይሠራው ሰዓት የሌለው መቆንጠር ነው። እኔ በመጀመሪያዎቹ ወራት አምስት ጊዜ መብላቱን መርጬ ነበር፣ 60 ግራሙ በሌላ መንገድ አልሞላ ስላለ። አቅሙ ሲጨምር ወደ ሦስት አወረድኩት። ስሊቭ የተሠራላችሁ ረሃብ ላይሰማችሁ ይችላል፤ የረሃብ ሆርሞን የሚባለው ግሬሊን በብዛት የሚመነጨው ከተቆረጠው ክፍል ነው። ስለዚህ ረሃብን ከመጠበቅ ይልቅ የማንቂያ ሰዓት ሙሉ።

ቫይታሚኑ የሚታኘክ ወይስ የሚዋጥ?

መጀመሪያ የሚታኘክ ወይም ፈሳሽ፣ ትልቅ ክኒን ራሱ ሊቀረቀር ስለሚችል። ካልሲየም ከሁለቱ ዓይነት ካልሲየም ሲትሬት ይመረጣል፣ ለመመጠጥ የጨጓራ አሲድ አይፈልግም። ካርቦኔቱ ርካሽ ነው ግን አሲድ ይፈልጋል፣ እኛ ደግሞ እሱ አንሶናል። በአንዴ ከ500 ወይም 600 ሚሊ ግራም በላይ አትውሰዱ፣ ከብረት ጋርም ሁለት ሰዓት አራርቁት። ጄሊ ከረሜላ መሳይ ቫይታሚኖች ጣፋጭ ናቸው፣ ብዙዎቹ ግን ብረት የላቸውም። መለያውን ገልብጡና እዩ።

ከቤት ውጭ

ሜኑ ላይ መጀመሪያ የምታዩት ዓሳ ነው፣ ቀጥሎ ስጎ ያለው የተፈጨ ሥጋ፣ ቀጥሎ እንቁላል። ጥብስና ሳንድዊች ዝለሉ። የሕፃናት ሳህን ከዋናው በመጠን ቢሻልም ብዙ ጊዜ የተጠበሰ ነገርና ድንች ነው፤ ስለዚህ ከሱ ይልቅ ማስጀመሪያ ተብለው ከሚቀርቡት አንዱን እዘዙ፣ ወይም ከአብሯችሁ ካለው ሰው ሳህን ተካፈሉ። ስጎው ለብቻው ይምጣልኝ በሉ፣ ለማርጠብ የምትጨምሩት እናንተ ትሆናላችሁ። አስተናጋጁ ውሃ ካስቀመጠ ብርጭቆውን ወደ ጠረጴዛው ማዶ ግፉት፣ እያወራችሁ ሳታስቡት ታነሱታላችሁና። አዲስ ምግብ በሰው ፊት አትሞክሩ። እቤት ሁለት ሦስት ጊዜ የተስማማችሁን ብቻ እዘዙ፣ የተረፈውንም ዕቃ ጠይቃችሁ ይዛችሁ ሂዱ፤ ማታ ስታሞቁት መረቁን አትርሱ።